ብሉቤሪ በጓሮ፦ መጀመሪያ አፈሩን አኮምጥጡት

በየዓመቱ ሜይ ሲጋመስ ስልኬ ላይ ተመሳሳይ ፎቶ ይመጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ናቸው። ከሥሩ «ብሉቤሪዬን ምን ነካው?» ተብሎ ተጽፏል። አምና ደግሞ አንዲት እናት ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ያዙና፣ «ልጄ፣ አመድ አደርግለታለሁ፤ ፍግም ገዝቼ ጨምሬለታለሁ፤ ታዲያ ለምን ይከሳል?» አሉኝ። «እማማ፣ የጎዳውማ አመዱ ነው» ስላቸው ደነገጡ።

አልፈረድኩባቸውም። ጎመኑም ቃሪያውም አመድና ፍግ ሲያገኝ ሲፋፋ እያየን ነው ያደግነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግኞች ያጣሁት እንደዚሁ ስንከባከባቸው ነው።

ብሉቤሪ የሚወደው ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲዳማ አፈር ነው። አገር ቤት ገበሬው ኮምጣጣ አፈርን በኖራ ሲያክም ሰምታችኋል፤ አመድም እንደ ኖራው ኮምጣጣነትን ያጠፋል። እዚህ የምንሠራው የዚያን ተቃራኒ ነው። አፈሩን ሆን ብለን እናኮመጥጣለን። ይህ ከተስተካከለ የቀረው ሥራ ቀላል ነው። ካልተስተካከለ ግን ምንም ብትደክሙ ተክሉ ሁለት ሦስት ዓመት ተንገላቶ ይሞታል።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ወራቱን የጻፍኩት ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ አካባቢ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ዝርያ የምንመርጥበት ደረጃ ላይ የእናንተን ታገኛላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ3 ተክል)

- 3 ችግኝ፤ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ዝርያ፣ ዕድሜያቸው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነ
- የአፈር ምርመራ ውጤት
- ለአትክልት የሚሸጥ ንጹሕ ሰልፈር
- አንድ ትልቅ እሽግ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ፣ በከፊል የበሰበሰ ኮምጣጣ የዕፅዋት ቅሪት)
- ለጉዝጓዝ የሚሆን የጥድ ቅርፊት ወይም የደረቀ የጥድ ቅጠል
- አሞኒየም ሰልፌት፣ ወይም ለአዛሊያ (ኮምጣጣ አፈር ለሚወድ የአበባ ተክል) ተብሎ የሚሸጥ ማዳበሪያ
- አካፋ፣ ባልዲ፣ ስለታም የመከርከሚያ መቀስ
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ማስክ
- ፍሬ ሲጀምር የወፍ መረብ

1. ቦታውን ምረጡ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን፤ 8 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ጥላ ውስጥ ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ግን ትንሽና ጎምዛዛ ይሆናል።

ከቤቱ መሠረትና ከመኪና መግቢያው ኮንክሪት ራቅ በሉ። ሲሚንቶ ውስጥ ኖራ አለ። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ወደ አፈሩ ይወርድና የደከማችሁበትን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል።

ቀጥሎ የውሃውን መስረግ ፈትሹ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉትና ተዉት። በማግስቱም ውሃ ካለበት እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትትከሉ፤ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትሠሩት። የብሉቤሪ ሥር እርጥበት ይወዳል፣ የቆመ ውሃ ግን ያበሰብሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ 811 ደውሉ። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንዳለ መጥተው በነጻ ምልክት ያደርጉላችኋል። የኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ አከራዩን ሳትጠይቁ አትቆፍሩ።

2. አፈሩን አስመርምሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ጋ ፎቶ የሚልከውም ያው ሰው ነው።

ከመረጣችሁት ቦታ ከአምስት ስድስት ነጥብ ላይ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጡ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉት፣ አድርቁትና ወደ ላብራቶሪ ላኩት። ቨርጂኒያ ያላችሁ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላብራቶሪ አለው፤ የአፈር መላኪያ ሳጥኑን ከካውንቲያችሁ የኤክስቴንሽን (የግብርና ምክር) ቢሮ ታገኛላችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የሚጠቁማቸው ላብራቶሪዎች አሉ። ቅጹ ላይ ልትተክሉ ያሰባችሁት ብሉቤሪ መሆኑን ጻፉ። ምክሩ የሚሰጠው በዚያ መሠረት ነው። አፈር ላይ የሚሰካውን ርካሽ መለኪያ እኔ አላምነውም፤ አንዱን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለት መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ውጤቱ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ፒኤች የሚባለው ነው። 7 ማለት መካከለኛ ነው፤ ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ይኮመጥጣል። ብሉቤሪ የሚፈልገው ከ4.5 እስከ 5.2 ያለውን ነው። ብዙዎቹ ጓሮዎች ግን 6 እና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ለሣሩ ተብሎ ኖራ የተበተነበት ጓሮማ የበለጠ ከፍ ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ከ6 ወደ 5 መውረድ ማለት ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ካላችሁ፣ ነገሩ ብረት ነው። አፈራችሁ ውስጥ ብረት ሞልቷል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ግን ብረቱ ይታሰርና ሥሩ ሊስበው አይችልም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ የሚቀረው በዚህ የተነሳ ነው። ተክሉ ምግብ መሃል ቁጭ ብሎ ይራባል። ማዳበሪያ ብትጨምሩለት አይጠቅመውም፤ የተቆለፈውን በር መክፈት ነው ያለባችሁ።

3. ሰልፈሩን ቀደም ብላችሁ ጨምሩ

ሰልፈር ራሱ አሲድ አይደለም። ወደ አሲድ የሚቀይሩት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ የሚሠሩት አፈሩ ሲሞቅና እርጥበት ሲኖረው ነው፤ በክረምቱ ብርድ ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ዛሬ በትኖ ነገ መትከል አይሆንም። በሚቀጥለው ማርች ልትተክሉ ካሰባችሁ ሰልፈሩን በዚህኛው በጋ፣ ቢዘገይ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጨምሩት።

መጠኑ እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል። ከ6.0 ወደ 4.5 ለማውረድ፣ ለ100 ስኩዌር ፊት አሸዋማ አፈር 1.2 ፓውንድ ገደማ ይበቃል። ለመካከለኛ አፈር 3.5 ፓውንድ ገደማ ነው። ሸክላ አፈር ከዚህም በላይ ይፈልጋል። የላብራቶሪው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካላችሁ ግን የእሱን ተከተሉ፤ የእናንተን አፈር ያየው እሱ ነው።

በእኩል በትኑትና እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ላይ ላዩን ከቀረ ሥራው በጣም ይንቀረፈፋል። ከመትከላችሁ በፊት እንደገና አስለኩት። 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ መትከል ትችላላችሁ፤ ቀሪውን ፒት ሞሱ ይረዳችኋል። አሁንም 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመሬቱ ጋር አትታገሉ። ከፍ ያለ መደብ ሥሩ ወይም በትልቅ ማሰሮ ትከሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰልፈር ብናኝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በጓንት፣ በመነጽርና በማስክ ሥሩ። ልጆችን አርቁ።

ሌላም አለ። ሱቅ ውስጥ አሞኒየም ሰልፌትና አሉሚኒየም ሰልፌት አጠገብ ለአጠገብ ተደርድረው ታገኛላችሁ። ስማቸው ይመሳሰላል። የመጀመሪያው ማዳበሪያ ነው፤ ብሉቤሪ ይወደዋል። ሁለተኛው አፈር ያኮመጥጣል፣ ግን ብዙ መጠን ስለሚጠይቅ አሉሚኒየሙ ተከማችቶ ሥሩን ይመርዘዋል። እሽጉን አንብባችሁ ግዙ።

4. ዝርያ ምረጡ

አንድ ተክል ብቻውን ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለት የተለያየ ዝርያ ጎን ለጎን ሲኖር ግን ንቦቹ ያዳቅሏቸውና ፍሬው ይበዛል፣ ይተልቃልም። ለእኛ አካባቢ ዱክ ቀድሞ በጁን ይደርሳል፣ ብሉክሮፕ መሃል ላይ ነው፣ ኤሊየት ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ሦስቱን ብትተክሉ እስከ ኦገስት ስትለቅሙ ትከርማላችሁ።

አትላንታና ሂውስተን ያላችሁ እነዚህን አትግዙ። ለሙቀቱ ራቢትአይ የሚባለውን ወገን፣ ለምሳሌ ቲፍብሉንና ፓውደርብሉን ፈልጉ። እነሱን የግድ ሁለት ዓይነት አድርጉ፤ ብቻቸውን ፍሬ በደንብ አይዙም። ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ብርዱን የሚችሉትን አጫጭሮቹን፣ ኖርዝብሉንና ፖላሪስን ውሰዱ። ዴንቨር ያላችሁ መሬቱም ውሃውም ኖራማ ስለሆነ በማሰሮ ብቻ ሞክሩ። ሲያትል ላላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ አፈራችሁ በተፈጥሮው ወደ ኮምጣጣነት ያደላል።

5. ትከሉ

ጊዜው ማርች ወይም ኤፕሪል ነው። ሁዳዴ ሰሞን ብላችሁ ያዙት። በበልጉ ያመለጣችሁ ኦክቶበርም ይሆናል።

ፒት ሞሱን ከመጠቀማችሁ በፊት ባልዲ ውስጥ በውሃ እያሻችሁ በደንብ አርጥቡት። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ አይቀበልም፤ ደረቁን ከቀበራችሁት ሥሩን ከቦ እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይቀራል።

ጉድጓዱ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 35 ገደማ ጥልቀት። የብሉቤሪ ሥር ቀጫጭን ፀጉር መሳይ ነው፤ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ብዙ አይሄድም። ያወጣችሁትን አፈር ከረጠበው ፒት ሞስ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። አፈራችሁ ሸክላ ከሆነ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ገንዳ ሆኖ ውሃ ያቁራል። እንዲህ ከሆነ ላይ ላዩን ብቻ ቆፍሩና ድብልቁን ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉ። ተክሉ ጉብታው ላይ ይቀመጣል።

ችግኙን ከማሰሮው ስታወጡት ሥሩ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ከሆነ ሳትፈሩ በጣታችሁ ፍቱት፤ ካልተፈታም ጎን ጎኑን በቢላ ጫር ጫር አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ ሥሩ ከድሮ ማሰሮው ቅርጽ አይወጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትነቅሉት ያው ክብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ማሰሮው ውስጥ በነበረበት ልክ ትከሉት፤ አትቅበሩት። በተክልና በተክል መካከል ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ተዉ። ጉድጓዱ ውስጥ ማዳበሪያ አትጨምሩ፤ ቀጭኑን ሥር ያቃጥለዋል። በደንብ አጠጡት።

6. ጎዝጉዙለት

የጥድ ቅርፊት፣ የጥድ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ግንዱን እንዳይነካ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት፤ ከነካው ግንዱ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይጠለልበታል። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ ያለ ጉዝጓዝ የጁላይ ፀሐይ በሁለት ቀን ያደርቀዋል። አረምን በዶማ አትኮትኩቱ፣ በእጅ ንቀሉ። ዶማው አረሙን ሳይሆን ሥሩን ነው የሚያገኘው።

7. ውሃ

በሳምንት ከ1 እስከ 2 ኢንች የሚሆን ውሃ ይፈልጋል፤ ዝናቡ ካልሰጠ እናንተ ስጡት። ጣታችሁን ከጉዝጓዙ ሥር ከትታችሁ እዩ። እርጥብ ነገር ግን የማይጨቀይ መሆን አለበት። ፍሬው ሲሞላና ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታስጠሙት፤ የከርሞው እንቡጥ የሚቋጠረው በበጋው መጨረሻ ነው። የቧንቧ ውሃ ብዙ ቦታ ኖራማ ስለሆነ ፒኤቹን ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ብታጠራቅሙ ከሁሉም ይሻላል።

8. ማዳበሪያ

ከተተከለ ከአራት ሳምንት በኋላ ለአንድ ተክል 2 የሾርባ ማንኪያ አሞኒየም ሰልፌት፣ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ዙሪያውን በትኑና አጠጡ። በሚቀጥሉት ዓመታት እንቡጡ ሲፈነዳ አንድ ጊዜ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጊዜ፤ መጠኑን በየዓመቱ በጥቂቱ ጨምሩ። ከጁላይ መግቢያ በኋላ አቁሙ። ዘግይቶ የበላ ተክል ዘግይቶ ለምለም ቅርንጫፍ ያወጣና ብርዱ ያቃጥለዋል።

ናይትሬት ያለበትን ማዳበሪያ፣ ትኩስ ፍግን፣ አመድንና ኖራን ከዚህ መደብ አርቁ።

9. የመጀመሪያውን ዓመት አበባ አንሡ

ይህ ልብ ይፈልጋል። ፋሲካ ሰሞን ነጫጭ ደወል የመሰሉ አበቦች ታያላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም በጣታችሁ አንሡ፤ ተክሉ ደካማ ከሆነ በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። ፍሬ የያዘ ሕፃን ተክል ሥር አይሰድም። ወፍራሙና ክቡ እንቡጥ የአበባ ነው፣ ቀጭኑና ሹሉ የቅጠል ነው። በሦስተኛው ዓመት ጥቂት ትቀምሳላችሁ። ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ሲሞላው አንዱ ተክል በዓመት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ከያዛችሁት ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል።

10. ከወፍና ከእንስሳት ጠብቁ

መረቡን የምታለብሱት አበባው ረግፎ ፍሬው ከያዘ በኋላ ነው። አበባው ላይ ካለበሳችሁት ንብ አይገባም፤ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም። መረቡ ቅርንጫፉ ላይ እንዳይተኛ እንጨት ተክላችሁ ወጥሩት፣ ታችኛውንም ጠርዝ ዝጉት፤ ክፍት ከሆነ ወፍ ገብታ ትያዛለች። በየቀኑ እዩት። በአበባ ጊዜ ፀረ ተባይ አትርጩ። ሰኔ ላይ የሚመጣውን የጃፓን ጥንዚዛ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቀው ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አራግፉት። ጥንቸል በክረምት ቅርንጫፉን ስለምትቆረጥም ግንዱን በሽቦ ወንፊት ክበቡት።

11. ከርክሙ

እስከ ሦስት ዓመት የሞተውንና የተሰበረውን ብቻ ቁረጡ። ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች መጀመሪያ፣ እንቡጡ ሳይነቃ፣ ከሁሉም ያረጁትን አንድ ወይም ሁለት ግንዶች ከመሬት ላይ ቁረጡ። ፍሬ የሚይዘው አምና ያደገው ቅርንጫፍ ነው። ያረጀ ግንድ የሚያወጣው ቀጫጭን ስለሆነ ፍሬው እያነሰ ይሄዳል። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ።

12. ልቀሙ

ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ በስሏል ማለት አይደለም። ሁሉም ወገኑ ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን ታገሱ። ከግንጣዩ አጠገብ ቀይ ቀለበት ካያችሁ ገና ነው፤ ከተለቀመ በኋላ ደግሞ አይጣፍጥም። በአውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፤ የበሰለው ራሱ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ስትበሉ እንጂ ስታስቀምጡ አትጠቡት፤ እርጥብ ፍሬ ይሻግታል። ለፍሪዘር ከሆነ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ ሲጠነክር ወደ ከረጢት አግቡት።

ጓሮ ለሌላችሁ

ከ15 እስከ 20 ጋሎን የሚይዝ፣ ታች ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ይበቃል። ተራ የአትክልት አፈር አትጨምሩበት። ፒት ሞስና ደቃቅ የጥድ ቅርፊት ግማሽ በግማሽ አድርጉ። ማሰሮ ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ በየቀኑ እዩት። በክረምት በርዶታል ብላችሁ ሳሎን አታስገቡት። ዱክና ብሉክሮፕን የመሰሉት በክረምት ከ800 እስከ 1000 ሰዓት የሚደርስ ቅዝቃዜ ካላገኙ በበልጉ በቅጡ አያብቡም። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ወይም ግድግዳ ሥር ያለ ጥግ ይበቃዋል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

የቡና አተላ። ከጀበናው የተረፈውን አተላ «ያኮመጥጣል» ብለው የሚያፈሱ ብዙ ናቸው። አሲዱ አብዛኛው ሲፈላ ከቡናው ጋር ወጥቷል፤ አተላው ወደ መካከለኛ የቀረበ ነው። በጥቂቱ ችግር የለውም፣ ሰልፈርን ግን አይተካም። በብዛት ከተከመረ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውሃ አያሳልፍም።

ኮምጣጤ። ፒኤቹን ለጥቂት ቀን ያወርደዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። በብዛት ደግሞ ሥሩን ይጎዳል።

ቢጫ ቅጠል ባዩ ቁጥር ማዳበሪያ መጨመር። መጀመሪያ ፒኤች ለኩ። ቅጠል ላይ የሚረጭ ኪሌት ብረት (ተክሉ ሊስበው በሚችል መልክ የተዘጋጀ ብረት) ለጊዜው ያረንጉደዋል፤ አፈሩ እስኪስተካከል መሸጋገሪያ ነው።

ችግኝ በሻንጣ ወደ አገር ቤት መውሰድ። ይህን የሚጠይቁኝ በየዓመቱ አሉ። ሕያው ተክል ያለ ጤና የምስክር ወረቀት ድንበር ማሻገር አይፈቀድም፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ያላየነውን በሽታ ይዞ ይገባል። ዱክንና ብሉክሮፕን ደግሞ አዲስ አበባ የሚፈልጉትን ያህል ረጅም ቅዝቃዜ አትሰጣቸውም። ለእህታችሁ ፍሬውን አድርቃችሁ ውሰዱላት።